በ14 ልብወለዶቼ ውስጥ አንዲትም እናት ስም የላትም፤ እናንተስ ምን ይደጋገምባችኋል?

ነጭ ወረቀት | ጳጉሜን 3፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት የጻፍኳቸውን አጫጭር ልብወለዶች በሙሉ ከኮምፒውተር አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። 14 ናቸው። አምስቱ በመጽሔት ወጥተዋል፣ ሁለቱ በሬዲዮ ተነበዋል፣ የቀሩትን ከእኔና ከእኅቴ በስተቀር ያነበባቸው የለም። ሐሳቤ ለመድበል የሚሆኑትን መምረጥ ነበር። እንዲመቸኝ ብዬ አንድ ደብተር አሰመርኩና የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ወደ ታሪኩ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚወጣ መመዝገብ ጀመርኩ።

ሰባተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩት። ያው ሰውዬ ነው። ሰለሞን፣ ዳዊት፣ ሀብታሙ እያልኩ ስሙን እቀይርለታለሁ እንጂ ያው ነው፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ብዙ ዓመት ከቤቱ ርቆ የኖረ፣ በአውቶቡስ የሚመጣ፣ ሁልጊዜም ከቀብር በኋላ የሚደርስ። ከ14ቱ በዘጠኙ ውስጥ የሚደርሰው ድንኳኑ ሲነቀል ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሬሳ ሳይወጣ የደረሰ የለም። ደግሞ እጁ ላይ አንድ ነገር አለበት፤ የአንዱ መዳፍ ተቃጥሏል፣ የአንዱ ጣት ተቆርጧል፣ የአንዱ በፋሻ ታስሯል። ይህን አስቤበት አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ያላሳቀኝ የእናቶቹ ነገር ነው። 11 እናቶች አሉ፤ አንዲቷም ስም የላትም። «እናቱ»፣ «የሰለሞን እናት»፣ «አሮጊቷ»። ጎረቤቱ ስም አለው፣ የሰፈሩ ሰካራም ስም አለው፣ አንዱ ታሪክ ውስጥ በሬው እንኳ ቦራ ይባላል። የሚያደርጉትን ደግሞ ተመልከቱልኝ። በአራት የተለያዩ ዓመታት ከጻፍኳቸው አራት ታሪኮች የወሰድኳቸው ናቸው፦

«እናቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።»

«እናቱ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።»

«ቀና ሲል እናቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች። አልተናገረችም።»

«የሴት ጥላ ከነነጠላው በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ገባ። እናቱ ነበረች።»

አራተኛውን የጻፍኩ ዕለት አዲስ ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው። መድበሉን አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ቢያነበው «የዚህ ሰው ዓለም ይህ ነው» ይለኛል ወይስ «ይህ ሰው ሌላ ሰው አያውቅም እንዴ?» ይለኛል? እናንተስ የራሳችሁን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

---

ዘጠነኛ ረቂቅ | ጳጉሜን 3፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ ደብተር ማስመርህ ይበል የሚያሰኝ ነው። ብዙው ጸሐፊ ይህን ሳይሠራ መድበል ያወጣል፤ ከዚያ አንባቢ በነጻ ይሠራለታል።

ግን ሁለት ነገር ቀላቅለሃል። የሚደጋገም ሰው ሌላ፣ የሚደጋገም ሁኔታ ሌላ። በዓሉ ግርማን ውሰድ። በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ አለ፤ የቢሮ ሥራው አንገሽግሾት ልቡ ወደ ሥዕል የሸፈተ። «የሕሊና ደወል» ውስጥ ሐዲስ አለ፤ መምህር ነው። «ደራሲው» ውስጥ ሲራክ አለ፤ ሥራውን ርእሱ ይናገራል። «ኦሮማይ» ውስጥ ጋዜጠኛው ጸጋዬ አለ። አራቱን ጎን ለጎን ብታቆማቸው የረገጡት መሬት አንድ ነው፦ የተማረ፣ በቃል ወይም በቀለም የሚኖር፣ ባመነበትና በሚኖርበት መካከል የተወጠረ ሰው። በዓሉ ራሱ የጋዜጣ ሰው ነበር፤ አዲስ ዘመንን አዘጋጅቷል፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደርሷል። መሬቱን ስለሚያውቀው ተመላለሰበት። ሆኖም ጸጋዬን ከአበራ ጋር የሚያምታታ አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም።

የአንተዎቹ ሰለሞን፣ ዳዊትና ሀብታሙ ግን፣ ከነገርከን ተነሥቼ ስፈርድ፣ አንድ ሰው ናቸው። አንዱን ሰው ዘጠኝ ጊዜ ለቅሶ ልከኸዋል። ለቅሶው ይቆይ፤ ሌላ ሰው ላክበት።

---

የማታ አንባቢ | ጳጉሜን 4፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ አንባቢ ነኝ። ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ልናገር።

መደጋገሙ ያን ያህል አያስፈራኝም። በዓሉ እኮ «የሕሊና ደወል»ን ከዓመታት በኋላ እንደገና ጽፎ «ሐዲስ» ብሎ አውጥቶታል። ያንኑ መምህር። ተመልሶ ሄደበት እንጂ አላፈረበትም። ደግሞ «ኦሮማይ»ን ካነበበ ሰው ጋር ሳወራ ቀድማ የምትነሣው ፊያሜታ ናት፤ ጸጋዬ ከኋላ ነው የሚመጣው። ጸሐፊው ደጋግሞ የሚያቆመው ሰው አንዳንዴ ለሌላው ሰው በር የሚከፍት ዘበኛ ብቻ ነው።

ስለ እናቶቹ ግን አንድ ነገር ልበል። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ በር ላይ እቆማለሁ፤ በቀን አራት ጊዜ እቆማለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ግን አላውቅም። «ጃኬትህን!» እያልኩ ነው የምጮኸው። ያንተ እናቶች ለምን ዝም ይላሉ?

---

በርበሬ ተራ | ጳጉሜን 4፣ ከጠዋቱ 4፡30

ነጭ ወረቀት፣ አንተን አንብቤ የራሴን ፈተሽኩ። ውጤቱን ለመናገር አፍሬ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ክፉ ሰዎቼ በሙሉ ስማቸው በ«ጌ» ይጀምራል። ጌታቸው አራጣ አበዳሪው፣ ጌታሁን ከዳተኛው ጓደኛ፣ ጌታነህ ሚስቱን የሚመታው፣ ጌትነት ደላላው። አራት። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ 6ኛ ክፍል ሳለን በአለንጋ የሚገርፈን መምህር ስሙ በዚያው ፊደል ይጀምር ነበር። ሰውዬው አርፎ ይሆናል፤ እኔ ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ እያሰርኩት፣ አንድ ጊዜ እያከሰርኩት፣ አንድ ጊዜም በመኪና እያስገጨሁት ኖሬአለሁ።

ከዚያ በኋላ ስም የማወጣበትን መንገድ ቀየርኩ። ፊት ለፊቴ የሚመጣውን ስም አልወስድም። መጀመሪያ የማስበው «ይህን ስም ማን አወጣለት? ለምን?» ብዬ ነው። የእኛ ስም እኮ ባለታሪኩ አፉን ሳይፈታ የሚናገር ነው። ማስረሻ ከተባለ ቤቱ ውስጥ የሚረሳ ነገር ነበር ማለት ነው። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሳ፣ ካሳዬ የተባለ ልጅ ብዙውን ጊዜ በሞተ ሰው ቦታ የመጣ ነው። በቃኝ የተባለችው እናቷ ምን እንዳለች ግልጽ ነው። ስሙን በዚህ መንገድ ሳወጣ ሰውዬው ከነአባትና ከነእናቱ ይመጣል፤ ያ መምህር ሊገባበት የሚችልበት ቀዳዳ አያገኝም።

---

ባሕር ማዶ | ጳጉሜን 4፣ ከሰዓት በኋላ 9፡50

የእኔ ደግሞ ስልክ ነው። ከአገር የወጣሁት በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኳቸው ሰዎች በሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። ፍቅረኛሞቹ በስልክ ይጣላሉ፣ አባት በስልክ ይመርቃል፣ መርዶ በስልክ ይመጣል። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ እንደምትስም ለመጻፍ ብሞክር እጇን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ማታ ማታ ከእናቴ ጋር እያወራሁ ስለምጽፍ ነው ብዬ ተጽናናሁ፤ ጓደኛዬ ግን ያነበበችውን መልሳ ስትሰጠኝ «ሰዎችሽ እጅ የላቸውም» አለችኝ።

ስለ ስም ግን ነጭ ወረቀትን ልከላከልለት። አንተ ብቻ አይደለህም። በእኛ አገር ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቶቿ ሌላ ስም ያወጡላት ነበር። ልጅ ስትወልድ «የእገሌ እናት» ትሆናለች። ስታረጅ «እማማ» ናት። አያቴ ስትሞት የክርስትና ስሟን ለማግኘት ቤተሰቡ ሁለት ቀን ተጠያይቋል። ጸሐፊው ስም ቢነሣት የሰፈሩን ልማድ ነው የጻፈው።

---

ዘጠነኛ ረቂቅ | ጳጉሜን 4፣ ከምሽቱ 1፡20

ባሕር ማዶ፣ የተናገርሽው እውነት ነው፤ ለልብወለድ ግን ሰበብ አይሆንም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ደግሞ ከዚያ በጣም ቀደም ባለ ዘመን፣ የነገርሽን ልማድ በጸናበት ጎጃም ውስጥ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን ከማሳየታቸው በፊት ማንን አሳዩን? ወላጆቹን፦ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን። ሴትየዋ ከነአባቷ ስም ነው የምትመጣው። ልጁ ከመወለዱ በፊት የእርሷን ኑሮ እናውቃለን። በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ መሆኑ እንዲከብደን ያደረገው ስዕለቱን የተሳሉትን ሰዎች ቀድመን ማወቃችን ነው። ስም የሌላት «እናቱ» ብትሳለው ኖሮ ስዕለቱ የታሪክ ማያያዣ ገመድ ብቻ ይሆን ነበር።

ልማዱን መጻፍ ከፈለግክ ደግሞ ጻፈው! ስሟን ሲነጥቋት አሳየን። ስም የለሽ ሆና መጥታ ስም የለሽ ሆና ከሄደች ግን የነጠቃት ጸሐፊው ነው።

---

መምህር ጠመኔ | ጳጉሜን 4፣ ከምሽቱ 3፡10

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፤ ስለዚህ ምሳሌዬ ከዚያው ይሆናል።

ቻርልስ ዲከንስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824፣ አባቱ በዕዳ ተይዘው ማርሻልሲ የሚባል የለንደን እስር ቤት ገቡ። ልጁ ከትምህርት ወጥቶ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጠረ፤ የቀለሙ ዕቃ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። ይህን ነገር ለልጆቹ እንኳ ሳይነግር ነው የኖረው። ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር ገልጦለት ነበርና በ1870 ሲሞት ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አወጣው። ያን ጊዜ ነው አንባቢ መለስ ብሎ ሁሉንም ያየው፤ በየመጽሐፉ ያለውን ወላጅ አልባ ልጅ፣ የተበዳሪ እስር ቤቱን፣ ገንዘብ በእጁ የማይበረክትለትን አባት።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ምሥጢሩ አይደለም። ያንኑ አባት ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ሚስተር ሚካውበር ናቸው፤ ዕዳ ውስጥ ሆነው ነገ እንደሚያልፍላቸው የሚያምኑ፣ አንባቢ የሚስቅላቸው ሰው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ «ሊትል ዶሪት» ውስጥ ዊሊያም ዶሪት ሆነው ይመጣሉ፤ ያው ማርሻልሲ ውስጥ ሃያ ዓመት አልፏቸው፣ በእስረኛነታቸው የሚኮሩ፣ ከጠያቂ ሳንቲም እየተቀበሉ ክብራቸውን የሚጠብቁ። አንድ አባት። በመጀመሪያው ልጁ ይቅር ብሏቸዋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ተቀምጦ አይቷቸዋል።

ስለዚህ ነጭ ወረቀት፣ የምጠይቅህ ስንት ጊዜ እንደደገምከው አይደለም። ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው ድረስ ያ ሰው ላይ አንድ ነገር ጨምረሃል?

---

አዲስ ገቢ | ጳጉሜን 4፣ ከምሽቱ 3፡45

እኔ እስካሁን የጻፍኩት ሁለት ታሪክ ብቻ ነው። ሁለቱም ውስጥ ባቡር አለ። መፍራት አለብኝ?

---

ዘጠነኛ ረቂቅ | ጳጉሜን 4፣ ከምሽቱ 3፡50

ሦስተኛውን ጻፍ። አሥራ ሁለተኛው ላይም ባቡር ካለ ና፤ እንነጋገራለን።

---

ቀይ እስክሪብቶ | ጳጉሜን 5፣ ከጠዋቱ 3፡00

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ይቅርታ። አርታኢ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆነኝ። ረቂቅ እጄ ላይ ሲገባ ከስምና ከመልክ በፊት የማየው ሰዎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ግሱ በምን እንደሚያልቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ አንድ ሰው ለሌላው «ብላ»፣ «ብዪ» ወይም «ይብሉ» ሳይል ምግብ ሊያቀርብለት አይችልም። እያንዳንዷ ቃል ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ማንን እንደሚደፍር ታሳብቃለች። ጸሐፊ ገጸ ባሕርዩን ሌላ ልብስ ሊያለብሰው፣ ሌላ ከተማ ሊወስደው ይችላል፤ ግሱ ላይ ግን ይያዛል። ስለዚህ ሦስት ቀለም ይዤ «አንተ»ውን በአንዱ፣ «አንቺ»ውን በሌላው፣ «እርስዎ»ውን በሦስተኛው አሰምራለሁ። የአንድ ጸሐፊ ሴቶች በሙሉ ባሎቻቸውን «አንተ» የሚሉት ሲጣሉ ብቻ እንደሆነ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ጸሐፊው አላመነኝም፤ ገጹን ገልጬ አሳየሁት።

የሰው ብቻ እንዳይሆን የራሴንም ልንገራችሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ለሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ጽፌ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ጸሐፊና አለቃዋ ቀስ በቀስ ይዋደዳሉ። እርሷ «እርስዎ» ትላለች፣ እርሱ «አንቺ» ይላታል። ስድስተኛው ክፍል ላይ ፍቅራቸውን ተነጋገሩ። ስምንተኛውን ስንቀዳ ተዋናይቷ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ «እኅቴ፣ እኔ ይህን ሰውዬ አንተ የምለው መቼ ነው?» አለችኝ። ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። መልስ አልነበረኝም። አሥር ክፍል ጽፌ ሴትየዋ ሰውዬውን አንድ ጊዜ እንኳ «አንተ» አላለችውም፤ ሊጋቡ ነው! ቤት ገብቼ የድሮ ሥራዎቼን ሳገላብጥ ከእኔ ሴቶች መካከል ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገረች አንዲትም አልነበረችም። ስለ ፍቅር የጻፍኩ መስሎኝ ለካ ስለ ትሕትና ነበር የምጽፈው። ያቺን መሻገሪያ መጻፍ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ቋንቋችን ለፍቅር ከሰጠን ቦታዎች እጅግ ጠባቧና እጅግ ውቧ ያቺ ናት፤ አፍ የሚንቀጠቀጥባት፣ ተናጋሪዋ ራሷ የምትደነግጥባት። ዘለልኳት።

ነጭ ወረቀት፣ ወደ አንተ ልመለስ። ወንዶች ልጆችህ እናቶቻቸውን ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው? አንቺ ነው እርስዎ? መልስ ከመጻፍህ በፊት ሄደህ እየው።

---

ነጭ ወረቀት | ጳጉሜን 5፣ ከምሽቱ 5፡30

ሄጄ አየሁ።

አንቺም አይሉም፣ እርስዎም አይሉም። ከ11ዱ ልጆች ለእናቱ አፍ አውጥቶ የሚናገረው አራቱ ብቻ ነው። አራቱ የተናገሩትን በሙሉ ልጻፈው፤ ረጅም አይደለም። «ውኃ አለ?» «መቼ ነው የተቀበረው?» «ቁልፉ የት ነው?» «ነገ እሄዳለሁ።» አለቀ። አንዱም ውስጥ የሚጠራት ቃል የለም። ይህን ሆን ብዬ አላደረግኩትም። ሆን ብዬ ላድርግ ብል እንኳ በአማርኛ እናትን አንቺም እርስዎም ሳይሉ ማናገር ከባድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ማጣመም ይጠይቃል። ዘጠኝ ዓመት ሳላውቀው ሳጣምም ኖሬአለሁ ማለት ነው።

መምህር፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ምንም አልጨመርኩበትም። አውቶቡሱ ብቻ ተቀይሯል።

---

በርበሬ ተራ | ጳጉሜን 5፣ ከምሽቱ 5፡42

እጁስ? የእጁን ነገር ማንም አልጠየቀህም። ያንተ እጅ ምን ሆኖ ነው?

---

ነጭ ወረቀት | ጳጉሜን 5፣ ከምሽቱ 5፡58

የእኔ እጅ ደኅና ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ አልነበረውም፤ መጋዝ የወሰደው ነው። ልጅ ሆነን በዚያች ጣት እያስፈራራ ያስቀን ነበር። ያንን የጻፍኩት ለባዕድ ሰው ይመስል... ይህን እየጻፍኩ ነው የማየው። ለቅሶ ላይ የሚደርሱት ልጆች በሙሉ የሟቹን እጅ ይዘው ነው የሚመጡት።

ልተኛ። እንኳን አደረሳችሁ።

---

ቀይ እስክሪብቶ | መስከረም 1፣ ከጠዋቱ 2፡20

እንኳን አብሮ አደረሰን። እጁን እንዳትነካው። እሱ ይቆይ፤ እንዲያውም እንዳወቅከው ታሪኩ ላይ አታስታውቅ። እናትየዋን ግን ሥራባት።

---

ባሕር ማዶ | መስከረም 2፣ ከምሽቱ 1፡00

እኔም አንዲት ሴት ጸጉር ስትሠራ ለመጻፍ ሞከርኩ፤ ልጇን ጭኖቿ መካከል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራላታለች። ሁለት ገጽ ሄደልኝ። ሦስተኛው ላይ ስልክ ጮኸ። አላነሣችውም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

---

ነጭ ወረቀት | መስከረም 6፣ ከምሽቱ 3፡15

አምስት ቀን ወስዶብኛል። በርበሬ ተራ እንዳለው ከስሟ ተነሣሁ፤ ምትኬ አልኳት። ስሙ እንደወጣላት ነገር መፈለግ ጀመረች። እስካሁን የጻፍኳቸው እናቶች ከልጃቸው በስተቀር የሚፈልጉት ነገር አልነበራቸውም፤ ይህችኛዋ ልጇ በመምጣቱ ሥራ ተጓጉሎባታል። ለሰለሞን ቡና አላፈላችለትም። ሦስት ጊዜ እንድታፈላ ጽፌ ሦስቱንም ሰረዝኩ፤ ከእጇ የያዘችውን ሥራ አትለቅም። መጀመሪያውን ላስነብባችሁ፦

«ምትኬ በሩ ላይ የእድሩን ሣጥን ከፍታ ብርጭቆ ትቆጥራለች። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ ምሰሶዎቹ የነበሩበት ጉድጓድ ውኃ ቋጥሯል። ሰለሞን ሻንጣውን አስቀምጦ ጎንበስ ሲል ቀና ሳትል «ቆይ፣ እንዳታስረሳኝ» አለችው። ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠና። ጉልበቷን ለመሳም ያጎነበሰው ልጅ እዚያው እንዳጎነበሰ ቀረ። ስትጨርስ ሣጥኑን ዘጋችውና አየችው።

«መቶ ሃያ ነበር የተረከብነው። መቶ አሥራ ስምንት ነው ያለው።»

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ አሁን ስለ ብርጭቆ...»

«አባትህ በሕይወቱ የእድር ዕቃ አጉድሎ አያውቅም» አለች። «ና፣ ቁጭ በል። አንተ ደግሞ ቁጠር።»»

«አንቺ» የምትለዋን ስጽፍ እጄ ቆመ። ቀይ እስክሪብቶ፣ ያቺ ተዋናይት ትዝ አለችኝ።

---

መምህር ጠመኔ | መስከረም 6፣ ከምሽቱ 4፡00

ሁለቱ ብርጭቆዎች የት እንደገቡ አትንገረን። እስከ መጨረሻው እንፈልጋቸው።

---

የማታ አንባቢ | መስከረም 6፣ ከምሽቱ 4፡25

ወድጃታለሁ። በዕድራችን እንደርሷ ያለች ሴት አለች፤ ማንኪያ ሳይቀር ቆጥራ ነው የምታስረክበው። ግን ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መልሰህ አንብበው። የት ሆና ነው የምትቆጥረው?

---

ነጭ ወረቀት | መስከረም 6፣ ከምሽቱ 4፡31

በሩ ላይ።

---

ነጭ ወረቀት | መስከረም 7፣ ከጠዋቱ 1፡10

ወደ ጓሮ ወስጃታለሁ፤ ከነሣጥኑ። አሁን ሰለሞን በሩ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ምን እንደማደርገው ጨንቆኛል።

---

ዘጠነኛ ረቂቅ | መስከረም 7፣ ከጠዋቱ 1፡40

ነጠላ አቀብለው።